ከጋሽ ተሰማ ጋር የተፋታሁበት ምክንያት

መክሰር የነጋዴ ዕጣ ነው ብዬ አምን ነበር። የነገደ ያተርፋል ወይም ይከስራል፤ ያልነገደ ደግሞ ደሞዙን እየጠበቀ በሰላም ያረጃል። እኔ በዕድሜዬ አንድ ፍሬ ሎሚ ሸጬ አላውቅም። ለንደን ውስጥ፣ አርችዌይ ካለ አንድ መነጽር ቤት ጓዳ ተቀምጬ የመነጽር መስታወት ስቆርጥና ስሞርድ ነው የኖርኩት። ሥራዬ ሌላው ሰው አጥርቶ እንዲያይ መርዳት ነው፤ እኔ ራሴ ምን ያህል አጥርቼ እንደማይ ግን ወጉን ሰምታችሁ ፍረዱ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ክራቫቱን ያላላ ልጅ እግር የሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት ብድር አማካሪ፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ ከስረሃል ያለኝ።

"ባንክራፕሲ ይታይብሃል" አለኝ።

"ምን ነግጄ?" አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው ያለ አልመሰለኝም።

"እኔ የማየው እዚህ ያለውን ነው። ክሬዲት ሪፖርትህን አውጥተህ ቼክ አድርገው። እስከዚያ ባንኩ አያበድርህም።"

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብዬ የከሰረ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አሰብኩ። ለአንዲት አሮጊት ቦታዬን ስለቅላት እንኳ "ተወው ልጄ፣ አንተ ትብሳለህ" የምትለኝ መሰለኝ። እሷ ግን አመስግናኝ ተቀመጠች።

ቤት ለመግዛት የተነሳነው አምሮን አይደለም። የባለቤቴ የዘነቡ ጉልበት ነው። የምንኖረው ፊንስበሪ ፓርክ፣ ካውንስል የሚሉት ማዘጋጃ ቤት በሚያከራየው ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለን፤ ከሚሠራበት ቀን የሚያርፍበት ይበልጣል እንጂ። ካውንስሉ በደወልን ቁጥር "ሰው ልከናል" ይላል፤ የተላከው ሰው እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙም ጉልበቷን አይቶ "ደረጃ አትውጪ" አላት፤ የት እንድታድር ግን አልነገራትም። ዘነቡ አስቤዛዋን ይዛ ደረጃው መሀል ትቆምና፣ እንዳላየኋት ለማስመሰል በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። እኔም እንዳላየኋት ሆኜ ከላይ እጠብቃለሁ። በዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት የቆሻሻ መጣያ ብቻ ነው። እሱን ለረጅም ጊዜ ስታይ አንጀቴን ትበላዋለች።

አርችዌይ ላይ ያገኘናት ቤት ምድር ላይ ነች። ሁለት ክፍል፣ ከጓሮ ነጠላ የምታህል አፈር። ልናይ የሄድን ቀን ዘነቡ በበሩ ገባች፤ ወጣች፤ ደግማ ገባች። ቤቱን የሚያሳየን ሰው የጠፋት ነገር ያለ መስሎት መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

"እንዲሁ ይገባል?" አለችኝ በአማርኛ።

"እንዲሁ ይገባል" አልኳት።

ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቀን ተስማማ። እንግዲህ መክሰሬን የሰማሁት እዚህ ላይ ስደርስ ነው። ለዘነቡ "የኮምፒዩተር ስህተት ነው፣ ይስተካከላል" አልኳት። ዘነቡ ለኮምፒዩተር ጥሩ አመለካከት ስለሌላት ወዲያው አመነችኝ።

ክሬዲት ሪፖርት የሚባለውን ለማያውቅ ላስረዳ። በዚህ አገር ማን ከማን ተበደረ፣ ማን በጊዜው ከፈለ፣ ማን አዘገየ እያሉ የሚመዘግቡ ድርጅቶች አሉ። የስልክ ሂሳብ ብታዘገይ ይጽፋሉ፤ ቤት ብትቀይር ይጽፋሉ። የነፍስ አባቴ ስለ እኔ ይህን ያህል አያውቁም፤ ለነገሩ እሳቸው ያልጠየቁኝን እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ይህን መዝገብ ከኮምፒዩተር ያወጣችልኝ ልጄ ሊድያ ናት። እዚሁ ለንደን ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ቢሮ ትሠራለች፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ይሄድና አውቶቡስ ይቀይራል።

"ዳዲ፣ ሪላክስ። ይሄ ያንተ ኔም አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"ላይክ፣ ካንተ ጋር ሊንክ የተደረገ ሰው ነው። በእኛ አድሬስ። ስሙ ተሰማ... ዌይት።" ድምጿ ወረደ። "ጋሽ ተሰማ?"

ሊድያ ኮምፒዩተሩን ቀስ ብላ ከደነችው፤ ሳያንኳኳ በር ከፍቶ ሰው ልብስ ሲቀይር ያየ ሰው በሩን እንደሚመልሰው።

ጋሽ ተሰማ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሸሚዛቸው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚመስለው። ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድ፣ ማንም የማይገዛው ካሴት። ሊድያ ልትወለድ ዘነቡ ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ ቢዘገይ፣ ሱቃቸውን ዘግተው በዕቃ ማመላለሻ ቫናቸው ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ልጄ ከበርበሬ ጆንያ ጎን ልትወለድ ለጥቂት ነው የዳነችው። ከሁለት ዓመት በፊት "ይበቃኛል፣ ልረፍ" ብለው ሱቁን ዘጉ። እኛም ደስ አለን። እድሩ ኬክ ገዛ፤ ንግግር የሚያደርግ ሰው ሲፈለግ ደግሞ እኔ ተነሳሁ። "ነጋዴ ብዙ ነው፤ አትርፎ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ግን እንደ ጋሽ ተሰማ ጥቂት ነው" ብዬ አዳራሹን አስጨበጨብኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው እጅ ነሱ። ያን ንግግር አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ለካ ከስረው ኖሯል። ለማንም አልተነፈሱም፤ የእድሩን መዋጮ እንኳ ከሁላችን ቀድመው የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። እና አሁን በለንደን ካለው አበሻ ሁሉ ይህን ምስጢር የምናውቀው እኔና ሊድያ ብቻ ነን፤ እኔን ደግሞ ምስጢሩ ቤት እየከለከለኝ ነው።

የሳቸው ኪሳራ እኔ መዝገብ ላይ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ይጀምራል። በዚያ ምርጫ ማግስት የለንደን አበሻ ለሁለት ተከፍሎ ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ወገኑን ይጠይቅ ነበር። እድራችንም ሊሰነጠቅ ደረሰ። አንዱ ወገን "ገንዘባችንን እነዚያ አይዙትም" አለ፤ ሌላውም ይህንኑ አለ። ጋሽ ተሰማ ተነስተው "ሬሳ ፓርቲ የለውም" አሉ፤ ሰዉ ትንሽ በረደለት። ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይፈርም ተባለ። ከዚያኛው ጋሽ ተሰማ፣ ከዚህኛው እኔ ተመረጥን። ይህኛው የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ግማሹ አንባቢ ወጌን ጥሎ እንዳይሄድብኝ።

ባንክ ስንሄድ ያስተናገደችን ልጅ እድር አልገባትም።

"ቢዝነስ ነው?" አለች።

"አይደለም።"

"ታዲያ ገንዘቡ ለምንድን ነው?"

"ለመቅበር" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ማንን?"

"እርስ በርሳችንን።"

ልጅቷ ወደ ዘበኛው አየት አደረገች። በመጨረሻ የቀለላትን መንገድ መረጠችና ባልና ሚስት የሚከፍቱትን ዓይነት ጆይንት አካውንት ከፈተችልን። ገንዘብ ያዡ እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤው ሁሉ በኔ አድራሻ እንዲመጣ ሆነ። በኋላ እድሩ ሕጋዊ ሆኖ የራሱን ሂሳብ ሲከፍት ይህኛውን ዘጋነው። የዘጋነው ግን ለእኛ ነው እንጂ ለመዝገቡ አይደለም። በመዝገቡ ላይ እኔና ጋሽ ተሰማ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ኪስ ነበርን፤ የአንዱ ኪስ ሲቀደድ የሌላውም ይፈሳል ማለት ነው።

መዝጋቢው ድርጅት ዘንድ ደወልኩ። ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው አንዲት ሴት አነሳች። ሰውን ሁሉ "ላቭ" ነው የምትለው።

"ከፓርትነርህ ጋር ተለያይታችኋል ማለት ነው፣ ላቭ?"

"ፓርትነሬ አይደሉም።"

"እሺ። መቼ ነው የተለያያችሁት?"

"አልተለያየንም። እሁድ እሁድ እንገናኛለን።"

"ገባኝ። አስቸጋሪ ነው አይደል?" አለች በጣም አዝና። "እኔም ከመጀመሪያው ባሌ ጋር እንደዚያው ነበርኩ።"

የመጀመሪያ ባሏን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ጥሩ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ደግ ስለነበረች የመለያያ ፎርም እንደምትልክልኝ ነገረችኝ። ፈርሜ ከላክሁት የጋሽ ተሰማ ነገር ከኔ መዝገብ ይነሳል፤ ለሳቸውም ማንም አይደውልም፣ ማንም አይጽፍም። ከዚህ የሚቀል ነገር ይኖራል?

ፎርሙ መጣ። ዋናው ነገር አንድ መስመር ነው፦ ከዚህ ሰው ጋር ምንም ዓይነት የገንዘብ ትስስር እንደሌለኝ አረጋግጣለሁ። ስማቸው ከላይ ሙሉ ተጽፏል። ብዕሬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ዳዲ፣ ጀስት ሳይን አድርገው" አለች ሊድያ። "ዋን ላይን ነው።"

"ምንም ዓይነት ይላል እኮ።"

"መኒ ነው የሚለው። አላውቃቸውም አይልም።"

"በየወሩ አንድ ሳጥን ውስጥ እናዋጣለን። እኔ ብሞት የሚያስቀብሩኝ እሳቸው ናቸው። ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳዲ፣ ፕሊስ። የማሚን ኒ አስብ።"

ኒ የምትለው ጉልበቷን ነው። ልጄ እውነቷን ነበር፤ አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ሙሉ በሙሉ እውነቷን ነበር። ነገር ግን አንድ በሽታ አለብኝ፤ ፎርም ሲሰጠኝ መሐላ ይመስለኛል። እንግሊዝ ምልክት አድርጎ የሚያልፈውን ሳጥን እኔ ፊቱ ቆሜ ነፍሴን እመረምራለሁ። ከሰውየው ጋር ምንም የለኝም ብዬ ፈርሜ እሁድ እንዴት ነው እጃቸውን የምጨብጠው? ስለዚህ ሊድያ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ፣ በፎርሙ ፋንታ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። እኛ ባልና ሚስት እንዳልሆንን፣ እድር ምን እንደሆነ፣ መዋጮው በየወሩ እንደሆነ፣ ከሁለት አንዳችን ብንሞት ሌላው እስከ መቃብር እንደሚሸኝ፣ ይህ ግን ብድር እንዳልሆነ አብራራሁ። የቫኑንም ነገር ጨመርኩ፤ ባሕርያቸውን ይረዱ ብዬ ነው። ደብዳቤው ሲያልቅ ራሴ አንብቤው ልቤ ተነካ።

የእነሱ ልብ አልተነካም። መልሱ አጭር ነው። ስላብራሩልን እናመሰግናለን፤ በየወሩ ወደ አንድ የጋራ ገንዘብ እንደምታዋጡ፣ ይህም እስከ ሞት እንደሚዘልቅ ራስዎ ስላረጋገጡልን ትስስሩ ባለበት ይቀጥላል፤ ይህ ካልሆነ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት መግለጫ ይላኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ በፖስታ ይመለሳል። ሊድያ አንብባ ስትጨርስ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና ለብዙ ጊዜ ቀና አላለችም።

እንግዲህ ያለ ጋሽ ተሰማ ፊርማ መንገድ የለም። ፊርማቸውን ለመጠየቅ ደግሞ ማወቄን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ጥቂት ቀን ቆየሁ፤ ወሩ ግን አልቆየልኝም። ብርቱካን ገዝቼ ኬንቲሽ ታውን ወደሚኖሩባት አንዲት ክፍል ሄድኩ። ድሮ የማውቀው ቤታቸው ሰፊ ነበር፤ "ትልቅ ቤት ለአንድ ሰው ምን ያደርጋል" ብለው እንደለቀቁት ነበር የነገሩን። ሻይ አፍልተው አቀረቡልኝ። ያለቻቸውን አንድ ወንበር ለኔ ሰጥተው እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እዚያው ላይ ቀጥታ የመናገር አቅሜ አለቀ።

"ጋሼ" አልኩ፣ "አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር በወረቀት ተሳስሮ ኖሮ፣ ወረቀቱን ቢያፈርስ በልቡም ከዳ ይባላል?"

ጋሽ ተሰማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "የቆየ ነገር ነው?"

"በጣም የቆየ ነው።"

"በደል አለ?"

"ምንም በደል የለም። እንደዚያ ያለ ሰው አይገኝም።"

"ታዲያ ለምን ይፈርሳል?"

"ቤት ለመግዛት ነው፣ ጋሼ።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ቤት ለመግዛት" አሉ ቀስ ብለው። "ዘነቡ ይህን ታውቃለች?"

"እሷማ እንድታውቅ አልፈልግም።"

እዚህ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ። እኔ ግን ምስጢራቸውን ከሚስቴ እንኳ መደበቄን ነገርኳቸው ብዬ ኮራሁ። ጋሽ ተሰማ ተነስተው ትከሻዬን ያዙና "ገባኝ። ለኔ ተወው፤ እንዳትፈርም ብቻ" አሉኝ። አስተዋይ ሰው እንዲህ ነው፣ ሳይነገረው ይገባዋል እያልኩ በአውቶቡስ ስመለስ አፌ ውስጥ ዘፈን ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ዘነቡ ስትከፍት ጋሽ ተሰማ ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሽፈራው፣ ከሳቸው ኋላ የእድሩ አባል እትዬ ጽጌ። ሽምግልና የወንድ ሥራ ነው የሚባለውን እትዬ ጽጌ ፊት የተናገረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሊፍቱ እንደ ልማዱ አርፏል። ሦስቱም ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አልቻሉም። የእድር ሰዎች ተሰባስበው በር ላይ ዝም ብለው ሲቆሙ ትርጉሙ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዘነቡ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ማንን ነው?" አለች።

"ማንም አልሞተም" አሉ እትዬ ጽጌ ግድግዳውን ተደግፈው። "ትዳር እንዳይሞት ነው የመጣነው። መጀመሪያ ግን ውሃ።"

ውሃ ተጠጣ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ቆመው፣ ይህ ቤት የተከበረ ቤት መሆኑን፣ ሰይጣን ደግሞ የተከበረ ቤት እንደሚወድ፣ ባል በምስጢር ሊፈርም ያሰበው የፍቺ ወረቀት ገና እንዳልተፈረመ በለዘበ ቃል ተናገሩ። ያን ጊዜ ኬንቲሽ ታውን ላይ ምን እንዳወራሁ ገባኝ።

ዘነቡ አልጮኸችም። ወደ ጉልበቷ አየች፤ ከዚያ ወደኔ አየች።

"በዚህ ነው?" አለችኝ ዝግ ብላ። "ማቃሰቴ ሰልችቶህ ነው?"

በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የከበደኝ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ነገሩ ያልቃል፤ ወረቀቱ የጋሽ ተሰማ ኪሳራ ነው ማለት ብቻ ነው። ግን ጋሽ ተሰማ በተተኮሰ ሸሚዛቸው እዚያው ቆመዋል፤ አቶ ሽፈራው ደግሞ የሰሙትን ነገር ሁሉ ቃለ ጉባኤ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በሚስቴ ልብና በሽማግሌው ክብር መሀል ቆምኩ።

"የለም" አልኩ። "እሷ ምንም አልበደለችኝም። በቤት ነገር ተጣልተን፣ በንዴት ያወራሁት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ዘነቡ አፍጥጣ አየችኝ። በቤት ነገር እንዳልተጣላን ከኔ እኩል ታውቃለች። ስዋሽ አፍንጫዬን እንደምነካም ታውቃለች፤ ለካ ነክቼው ኖሯል። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ቀስ እያለ ሲለቅ አየሁት፤ በምትኩ የመጣውን ነገር ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ።

"አዎ፣ ተጣልተን ነበር" አለች፣ እጇን አጣምራ። "ሽማግሌ ከመጣ አይቀር ሁሉም ይነገር።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሳጥረው ይሻላል። ሬዲዮ ከፍቼ እንደምተኛ ተነገረ። ካልሲዬ በየትኛው ሶፋ ስር እንደተገኘ ተነገረ። በአንድ ሰርግ ላይ ቀሚሷን "ጥሩ ነው" ብዬ ብቻ ያለፍኩት፣ እኔ የረሳሁት፣ ከነቀሚሱ ቀለም ተነገረ። እትዬ ጽጌ ራሳቸውን እየነቀነቁ እያንዳንዱን አጸደቁ። አንድ ሁለቱ ላይ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው "ይሄስ ልክ አይደለም" ብለው ወቀሱኝ። ሊድያ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ሳቋን ለማፈን ስትታገል ይሰማኛል። በመጨረሻ ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደ። ተንበርክኬ ሳምኩ።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አለች ዘነቡ፣ "ግን ያኛውንም ይሳመው። የሚያመኝ ያኛው ነው።"

ያኛውንም ሳምኩት። ይሄኛው የሽማግሌ ትእዛዝ አልነበረም። እጇን ራሴ ላይ ጣል አደረገች፤ ቶሎም አላነሳችውም። እንደምወዳት ከነገርኳት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር፤ ሰው ፊት ስለሆነ ያን ጊዜም አልነገርኳትም፣ ግን የገባት ይመስለኛል።

ተመረቅን። አቶ ሽፈራውና እትዬ ጽጌ ወረዱ። ዘነቡ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ጋሽ ተሰማ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

"ወረቀቱን አምጣው" አሉኝ።

"የምን ወረቀት፣ ጋሼ?"

"የኔን።" ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። "ሰባ ዓመቴ ነው። ሰው ሲዋሽብኝም ሲዋሽልኝም አውቃለሁ። የሚስቱን ጉልበት እንደዚያ የሚስም ሰው ሊፈታት አይደለም የሚያስበው። ታዲያ ከማን ጋር ነው በወረቀት የታሰረው ብዬ አሰብኩ። ባንክ አብሬህ የሄድኩት እኔ ነኝ።"

የድርጅቱን ደብዳቤና ባዶ ወረቀት አመጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን አነበቡ፤ በባዶው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ፣ ምንም የገንዘብ ትስስር እንደሌለን ጽፈው ፈረሙ። እኔም ከስራቸው ፈረምኩ።

"በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባዕድ ነን" አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ና፣ ደግፈህ አውርደኝ።"

ወረቀቱ ተላከ፤ መዝገቡ ጸዳ፤ ቤቷን ገዛን፤ ዘነቡም በበሩ እንዲሁ ትገባለች። ይህን በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩት ቀልቤ ደረጃው ላይ ስለቀረ ነው። ያን እሁድ ስንወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጋሽ ተሰማ ትንሽ ልረፍ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው። "እድሩ አለ እኮ።"

"እድር ለሞተ ነው" አሉ። "እኔ አልሞትኩም።"

ቀጥለውም "ሰው ሲሞት ትመጣላችሁ፤ ታድራላችሁ፤ ታስተዛዝናላችሁ። ሱቅ ሲሞት ግን ኬክ ይዛችሁ መጣችሁ" አሉ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ኬኩ ጥሩ ነበር" አሉ። ያን ጊዜ ሳቃቸው መጣ። የኔም መጣ። ሁለታችን ደረጃው ላይ ተደጋግፈን ስንስቅ የአንዱ ጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሳቁ ሲያልቅ አየኋቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ እሱ ግን ከሳቁ የመጣ አልነበረም።

የታችኛው በር ሲዘጋ ስላልሰማች፣ ዘነቡ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች። "ምን ሆናችሁ?" አለች። መናገሩ የኔ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው አዩዋት።

"ሱቄ ነው፣ ልጄ" አሉ። "ሱቄ ሞቶብኝ ነው።"

ዘነቡ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ከኛ በላይ ካለችው ደረጃ ላይ የታመመ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እሳቸውም የሟችን ሕመም እንደሚተርክ ሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ማዶ ትልቅ ሱቅ ሲከፈት ቀላል መስሏቸው እንደነበር፤ ኪራይ ሲጨመር ያድናል የተባለውን ሁሉ እንደሞከሩ፤ ሰው ተስፋ ይቁረጡ ሲላቸው እንዳልቆረጡ፤ በመጨረሻው ቀን መደርደሪያውን ብቻቸውን እንዳወረዱት፤ የበርበሬው ሽታ ግን ከግድግዳው አልወጣ ብሎ እዚያው እንደቀረ። ዘነቡ አንድ ጊዜም ሳታቋርጣቸው እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲጨርሱም ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እግዜር ያጥናዎት፣ ጋሼ" አለቻቸው።

ይህን የሚላቸው ሰው አጥተው እንደኖሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና "አሜን" አሉ።